የነገሥታት መምህር፥ የገበሬ ደቀ መዝሙር፤ የአባ አርሳንዮስ ዜና ሕይወት

እግዚአብሔር ለሰው የሚሰጠው ስጦታ ሁሉ መጠን አለው። ለአንዱ የመጻሕፍት ትርጓሜ፥ ለሌላው የዜማ ጣዕም፥ ለሌላው የክንድ ብርታት፥ ለሌላው የምክር ማስተዋል ይሰጠዋል። ይህን ሁላችንም በአፋችን እንናገረዋለን፤ በልባችን የምናምነው ግን ስጦታችን ከማይደርስበት ስፍራ ላይ ቆመን፥ የናቅነው ሰው በዚያ ስፍራ እንደ ልቡ ሲመላለስ ባየን ጊዜ ነው። በዚያች ሰዓት ሰው ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ወይም ያላወቀውን ነገር እንደማይረባ ቈጥሮ ይተወዋል፥ ወይም ዝቅ ብሎ ይጠይቃል። ጥቂት የተሰጠው ሰው የስጦታውን ወሰን ቶሎ ያገኘዋል፤ ብዙ የተሰጠው ግን ወሰኑ ከሩቅ ስለሆነ፥ ወሰን የሌለው ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ፈተናው ከሁሉ ይልቅ የሚጠነክረው በተማሩ ሰዎች ላይ ነው።

ይህን ነገር ከቃል ይልቅ በሕይወት ካስተማሩት አባቶች አንዱ፥ ቤተ ክርስቲያናችን በስንክሳር ግንቦት 13 ቀን የምታስበው ገዳማዊው አባ አርሳንዮስ ነው። ስለዚህም ዜና ሕይወቱን በአጭሩ ለአንባብያን ልናቀርብ ወደድን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

አርሳንዮስ በአራተኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ገደማ በሮሜ ከተማ ከከበረ ቤተ ሰብ ተወለደ። የዘመኑን ትምህርት ሁሉ ተማረ፤ የላቲንንና የግሪክን ቋንቋ ከነንግግር ጥበቡ አጠናቀቀ፤ ከዚህም ጋራ የእግዚአብሔርን ሕግ የሚያውቅና በሥነ ምግባር የተመሰገነ ሰው ሆነ። በዚያን ዘመን ከ379 እስከ 395 የነገሠው ታላቁ ቴዎዶስዮስ በቍስጥንጥንያ ሆኖ ለልጆቹ ለአርቃድዮስና ለአኖሬዎስ መምህር ይፈልግ ነበር። ለንጉሥ ልጆች መምህር መሆን እንደ ተራ ሥራ የሚቈጠር አልነበረም፤ ከሁለቱ ሕፃናት አንዱ ምሥራቁን፥ አንዱ ምዕራቡን የሚወርስ ነበርና፥ የእነርሱ አስተዳደግ የብዙ አሕዛብን ዕድል የሚነካ ነው። ለዚህ ሹመት የተመረጠው አርሳንዮስ ሆነ።

ስለዚህ ዘመን ከሚነገሩት ታሪኮች አንዱ እንዲህ ነው። ንጉሡ አንድ ቀን ድንገት ወደ ትምህርቱ ቤት ቢገባ፥ ልጆቹ ተቀምጠው መምህሩ ቆሞ ሲያስተምር አገኘ። አርሳንዮስ የቆመው ለንጉሥ ልጆች ክብር ሲል ነበር። ንጉሡ ግን በዚህ ተቈጣ፤ መምህሩ እንዲቀመጥ ልጆቹም ቆመው እንዲማሩ አዘዘ፤ ሲያጠፉም እንደ ማንኛውም ልጅ እንዲቀጣቸው ሥልጣን ሰጠው። እነሆ፥ አርሳንዮስ ነገሥታት በፊቱ የሚቆሙለት ሰው ሆነ። ብዙ አገልጋዮች፥ የከበረ ልብስ፥ ለስላሳ መኝታ፥ ያማረ መዓዛ ነበረው። በዓለም ውስጥ ሰው በትምህርቱ ሊደርስበት ከሚችለው ማዕርግ ሁሉ ከፍ ያለው የእርሱ ነበር ለማለት ይቻላል።

ነገር ግን በዚህ ሁሉ መካከል ልቡ አላረፈም። ሌላውን ሲያስተምር ነፍሱን የሚያስተምርለት አላገኘም። ስለዚህ የሚድንበትን መንገድ ያሳየው ዘንድ ወደ እግዚአብሔር አብዝቶ ጸለየ፤ ከሰው እንዲሸሽና በዚያም እንዲድን የሚያዝዝ ድምፅ እንደ ሰማ አባቶች ጽፈዋል። ንጉሡ በ395 ባረፈበት ዘመን አካባቢ፥ ዕድሜው ወደ አርባ ዓመት ሲጠጋ፥ ቤተ መንግሥቱን በስውር ትቶ በመርከብ ወደ እስክንድርያ መጣ፤ ከዚያም ወደ ገዳመ አስቄጥስ ገባ።

ገዳመ አስቄጥስ ከካይሮ በስተ ሰሜን ምዕራብ፥ ዛሬ ዋዲ ናጥሩን በሚባለው ጨዋማ ቈላ ውስጥ ያለ ምድረ በዳ ነው። ታላቁ አባ መቃርስ በ330 ገደማ ከገባበት ጊዜ ጀምሮ ብዙ መነኰሳት ተሰብስበውበት ነበር። ከእነዚህም የሚበዙት የግብፅ ባላገሮች ናቸው፤ ገበሬዎች፥ እረኞች፥ ግመል ነጂዎች የነበሩ፥ ከእነርሱም ብዙዎቹ ከአገራቸው ከቅብጥ ቋንቋ በቀር ሌላ የማያውቁ ሰዎች ነበሩ። የዘንባባ ቅጠል በውኃ እያራሱ ሰሌንና ቅርጫት ይታታሉ፤ በዚያም ዋጋ ደረቅ እንጀራቸውን ይገዛሉ፤ የቀረውን ለድኾች ይሰጣሉ። የነገሥታቱ መምህር በእነዚህ ሰዎች መካከል ተማሪ ሊሆን መጣ።

የገዳሙ ካህናት ማንነቱን ባወቁ ጊዜ እንዴት እንደሚቀበሉት አመነቱ፤ ወደ አባ ዮሐንስ ሐጺርም ወሰዱት። ይህ አባት መምህሩ ደረቅ እንጨት ተክሎ ውኃ እንዲያጠጣው ባዘዘው ጊዜ፥ ለምን ሳይል ሦስት ዓመት የታዘዘ መሆኑን አንባብያን ያውቃሉ። መታዘዝን በእንዲህ ያለ ሥራ የተማረ ሰው፥ ሌላውን ሰው በንግግሩ ብቻ አይመዝነውም። የማዕድ ሰዓት በደረሰ ጊዜ መነኰሳቱ ሁሉ ተቀመጡ፤ አርሳንዮስን ግን ተቀመጥ ያለው ሰው አልነበረም፤ በመካከላቸው ቆሞ ቀረ። በቍስጥንጥንያ ንጉሥ ራሱ ተቀመጥ ያለው ሰው፥ በአስቄጥስ የሚያስቀምጠው አጣ። ጥቂት ከቆየ በኋላ አባ ዮሐንስ አንድ ደረቅ እንጀራ አንሥቶ በፊቱ በምድር ላይ ጣለለት፤ ቢወድድ እንዲበላም ነገረው። አርሳንዮስ እንደ እንስሳ የተጣለለትን እንደ እንስሳ ሆኖ መብላት እንደሚገባው አሰበ፤ በእጁና በጕልበቱ ወደ ምድር ተደፍቶ እንጀራውን በላ። አባ ዮሐንስም ይህን አይቶ ሌላ ፈተና አልጨመረበትም፤ መነኵሴ የሚሆን ሰው መሆኑን መስክሮ ተቀበለው።

እዚህ ላይ ማስተዋል ይገባናል። አባ ዮሐንስ ይህን ያደረገው የተማረ ሰው ስለ ጠላ አይደለም። ለመነኵሴ የሚያስፈልገው ነገር በዚህ ሰው ውስጥ መኖሩን ለማወቅ፥ በላቲንና በግሪክ መጠየቅ ስለማይጠቅመው ነው። አርሳንዮስ ከአርባ ዓመት ልፋቱ ያከማቸው ሁሉ በዚያች ማዕድ ፊት የሚያገለግለው አልሆነም፤ ያገለገለው ባዶ እጁን መሆኑን አምኖ መደፋቱ ብቻ ነው።

ከተቀበሉትም በኋላ ልማድ በአንድ ቀን አይለቅምና፥ የቤተ መንግሥት አቀማመጥ ሳያውቀው ተከትሎት መጣ። በጉባኤ በሚቀመጡበት ጊዜ እግሩን በእግሩ ላይ አነባብሮ ይቀመጥ ነበር ይባላል። ይህ በመነኰሳት ዘንድ ነውር ነው፤ ነገር ግን ስለ ክብሩ አፍረው በፊት ለፊት ሊገሥጹት አልወደዱም። በኋላም ከአባቶች አንዱ ከጓደኛው ጋራ ተማክሮ፥ ራሱ እንደ አርሳንዮስ ሆኖ ተቀመጠ፤ ጓደኛውም በጉባኤው ፊት ገሠጸው፤ እርሱም ምንም ሳይመልስ ተግሣጹን ተቀበለ። አርሳንዮስ ነገሩ ለማን እንደ ተነገረ ወዲያው ገባው፤ እግሩንም ቀስ ብሎ አወረደ። የነገሥታትን ልጆች ሥርዐት ያስተማረው ሰው፥ እንዴት እንደሚቀመጥ ባላገሮች አስተማሩት። የሚያስደንቀው ግን የእነዚያ አባቶች ጥበብ ጭምር ነው፤ ተግሣጹን በራሳቸው ላይ አድርገው አስተማሩት እንጂ አላዋረዱትም።

ከዚህ በኋላ የምንናገረው ግን ከሁሉ ይበልጣል። አንድ ቀን አባ አርሳንዮስ በልቡ ስለሚመላለሱት ሐሳቦች አንድ ግብፃዊ አረጋዊ ሲጠይቅ ሌላ መነኵሴ አየው። አረጋዊው ያልተማረ ባላገር ነበር። ያየውም መነኵሴ ተገርሞ፥ የሮማውያንንና የግሪኮችን ትምህርት ያጠናቀቀ ሰው ይህን ገበሬ ስለ ሐሳቡ መጠየቁ ስለ ምን እንደሆነ ጠየቀው። አባ አርሳንዮስም የሮማውያንንና የግሪኮችን ትምህርት በእርግጥ እንደሚያውቅ፥ የዚህን ገበሬ ፊደል ግን ገና እንዳልቈጠረ መለሰለት።

ይህን መልስ እኛ ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ልናስተውለው እንችላለን፤ ፊደል መቍጠር ምን እንደሆነ እናውቃለንና። ፊደል የሚቈጥር ሕፃን ገና ዳዊት አልደገመም፤ ንባብ አልለየም፤ በመምህሩ ፊት ቍጭ ብሎ ጣቱን ከፊደሉ ላይ አድርጎ፥ የሚባለውን ተከትሎ ይላል እንጂ የራሱ ቃል የለውም። አባ አርሳንዮስ ያለው እንግዲህ ትምህርቱ ጥቂት እንደሚጐድለው አይደለም፤ በዚህ ትምህርት ቤት የመጀመሪያውን ፊደል እንኳ አለማለፉን ነው። እንዲህ ያለው ቃል ለሰው ደስ እንዲል ከሚነገረው የይሉኝታ ትሕትና የተለየ ነው። እርሱ የሚያውቀውን ትምህርት አላውቅም አላለም፤ ቢል ሐሰት ይሆን ነበር። የሚያውቀውን እንደሚያውቅ፥ የማያውቀውንም እንደማያውቅ፥ ሁለቱንም በልኩ ተናገረ። እውነተኛ ትሕትና ከእውነት ጋራ የማይጣላ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ገበሬው የሚያውቀው ፊደል ምን ነበር ቢሉ፥ የልብን ሐሳብ የመለየት ጥበብ ነው። ቍጣ ከየት ተነሥቶ በምን በር እንደሚገባ፥ ውዳሴ ከንቱ በጾም ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ፥ ተስፋ መቍረጥ በቀትር ጊዜ በምን ምክንያት እንደሚመጣ፥ እነዚህም ሁሉ በጸሎት እንዴት እንደሚባረሩ ያውቅ ነበር። ይህን ከመጽሐፍ ሰምቶ ከመያዝ ይልቅ፥ ለብዙ ዓመታት በረኃብና በትጋት፥ በሥራና በዕንባ ተዋግቶ ያገኘው ነው። በሌላ ጊዜም አንድ የተማረ ሰው፥ እነርሱ ከብዙ ትምህርታቸው ምንም ሳያተርፉ እነዚህ የግብፅ ባላገሮች ይህን ያህል በጎ ምግባር ማግኘታቸው ስለ ምን እንደሆነ ቢጠይቀው፥ አባ አርሳንዮስ ባላገሮቹ ያገኙትን በገዛ ድካማቸው እንዳገኙት ነገረው። በዚህም መልሱ ገበሬ አርሶ የሚበላውን፥ ወሬውን ብቻ የሰማ ሰው እንደማይጠግብበት አሳየ።

ከዚህ የተነሣ ትምህርት ከንቱ ነው የሚል ሰው ቢኖር ግን፥ የአባ አርሳንዮስን ዜና አላስተዋለም እንላለን። ቅዱስ ባስልዮስና ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ በአቴና ተምረው ትምህርታቸውን ለቤተ ክርስቲያን ጋሻ አደረጉት። እያንዳንዱ ዕውቀት በተሰጠበት ቦታ ይሠራል። አለመማርም በራሱ ትሕትና አይደለም፤ ባላገርም እንደ መምህር ሊታበይ ይችላል። ለዚህ ከዚሁ ከአባ አርሳንዮስ ዜና ምስክር እናመጣለን።

አባ አርሳንዮስ በአስቄጥስ ሳለ ታመመ። ቄሱ ወደ ቤተ ክርስቲያን አምጥቶ ምንጣፍ አነጠፈለት፤ ከራሱም በታች ትንሽ ትራስ አደረገለት። ሊጠይቀው የመጣ አንድ አረጋዊ ይህን አይቶ ተሰናከለ፤ ስሙ የተጠራው አርሳንዮስ እንዲህ ባለ ምቾት መተኛቱ ትክክል እንዳልሆነ በልቡ ፈረደ። ቄሱም ለብቻው ወስዶ በዓለም ሳለ ሥራው ምን እንደ ነበረ ጠየቀው፤ እረኛ እንደ ነበረ ነገረው። ኑሮው እንዴት እንደ ነበረ ሲጠይቀው በብዙ ድካም ይኖር እንደ ነበር፥ አሁን በበዓቱ ያለውን ሲጠይቀው ከቀድሞው የተሻለ ዕረፍት እንዳለው መለሰ። በዚያን ጊዜ ቄሱ፥ አባ አርሳንዮስ የነገሥታት አባት እንደ ነበረ፥ ወርቅ የታጠቁ ብዙ አገልጋዮች በዙሪያው ይቆሙ እንደ ነበር፥ በከበረ ምንጣፍ ላይ ይተኛ እንደ ነበር አስረዳው፤ እረኛው ከድካም ወደ ዕረፍት ሲመጣ፥ እርሱ ግን ከዕረፍት ወደ ድካም እንደ መጣ አመለከተው። አረጋዊውም ልቡ ተነክቶ ወድቆ ይቅርታ ለመነ። እንግዲህ የመንፈስ ልምድ ያለው ያ አረጋዊም የዳኝነቱን ወሰን በዚያች ቀን አገኘ። አርሳንዮስ ከገበሬው እንደ ተማረ፥ እረኛውም ከአርሳንዮስ ሕመም ተማረ። የቤተ ክርስቲያን ማኅበር የሚጸናው እንዲህ አንዱ ለሌላው ተማሪ ሲሆን ነው።

አባ አርሳንዮስ በአስቄጥስ የተቀበለው ትምህርት ብዙ ነው፤ ጥቂቱን ብቻ እንጠቅሳለን። በቀድሞው መዓዛ ፋንታ የዘንባባውን ቅጠል የሚያርስበትን ውኃ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ እየለወጠ ሽታውን ይታገሥ ነበር። ቅዳሜ ማታ ፀሐይ ከኋላው ስትጠልቅ ለጸሎት እጁን ዘርግቶ ይቆማል፤ በማግሥቱ እሑድ ወጥታ ፊቱን እስክታበራው ድረስ አይቀመጥም። ዕንባው ስለማይቋረጥ ሲሠራ የሚያብስበት ጨርቅ በደረቱ ላይ ነበረ። በቤተ ክርስቲያንም ሰው ፊቱን እንዳያየው፥ እርሱም የሰው ፊት እንዳያይ ከዐምድ በስተ ኋላ ይቆም ነበር። የመጻሕፍትን ምሥጢር ለመተርጐም ከማንም ይልቅ የሚችል ሲሆን፥ በዚህ ነገር መናገርን አይወድም ነበር። አንደበቱ የሠለጠነ ሰው ዝም ማለቱ እጅግ የከበደ ጾም መሆኑን የተማሩ ሁሉ ያውቁታል።

ከዘመዶቹ አንድ ባለጸጋ መኳንንት በሞተ ጊዜ ብዙ ሀብት ተናዘዘለት፤ መልእክተኛም የኑዛዜውን ጽሑፍ ይዞ መጣ። አባ አርሳንዮስ ግን ከሟቹ አስቀድሞ ራሱ እንደ ሞተ ነግሮ ምንም ሳይቀበል መለሰው። ይህ ሰው በታመመበት ወራት አንዲት ሳንቲም ቸግራው፥ ከሌላ ሰው በምጽዋት ተቀበለ፤ በእግዚአብሔር ስም ምጽዋት ለመቀበል ስላበቃው ጌታን አመሰገነ። ትልቁን ሀብት መተው ይቀል እንደ ሆነ እንጃ፤ ለትንሿ ሳንቲም እጅን መዘርጋት ግን ከዚያ ይከብዳል። ለተወው ሀብት ሰው ያመሰግነዋልና፤ ለለመናት ሳንቲም ግን ማንም አያመሰግነው።

በ407 ገደማ በርበሮች መጥተው አስቄጥስን አጠፉ፤ መነኰሳቱም ተበተኑ። ከጥቂት ጊዜ በኋላም በ410 ሮሜ በጎታውያን እጅ ተያዘች። የተወለደባት ከተማም፥ በመንፈስ የተወለደባት ገዳምም በአንድ ዘመን ሲወድቁ አየ። እንደ ገና ወደ አስቄጥስ ቢመለስም፥ በ434 በርበሮች ዳግመኛ በመጡ ጊዜ እያለቀሰ ወጣ። ደቀ መዝሙሩ ዳንኤል እንደ ቈጠረው አርባ ዓመት በዓለም፥ አርባ ዓመት በአስቄጥስ፥ አሥር ዓመት ከምስር በላይ ዛሬ ጡራ በምትባለው ስፍራ፥ ሦስት ዓመት በእስክንድርያ አጠገብ ባለችው በቃኖጶስ፥ ሁለት ዓመት ደግሞ ተመልሶ በጡራ ኖረ፤ ዕድሜው በጠቅላላው 95 ዓመት ሆነ። ያረፈውም በ450 ገደማ ነው።

ሊያርፍ በቀረበ ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ ታወኩ። ሥጋውን ለበረከት ብለው ለማንም እንዳይሰጡ አስጠነቀቃቸው፤ እንዴት እንደሚቀብሩት እንደማያውቁ ቢነግሩትም፥ በእግሩ ገመድ አስረው ወደ ተራራው ሊጐትቱት እንደሚችሉ መለሰላቸው። ከዚያም ሲያለቅስ አይተው እርሱም ይፈራ እንደ ሆነ ጠየቁት። ይህ ፍርሃት ከመነኰሰበት ቀን ጀምሮ ከእርሱ ጋራ እንደ ነበረ ነገራቸው። እንዲህም ብሎ በሰላም አንቀላፋ። ሃምሳ አምስት ዓመት የገበሬዎቹን ፊደል የተማረው አባት፥ በመጨረሻዋም ሰዓት መምህር ነኝ አላለም።

እንግዲህ ይህ ዜና ለእኛ የሚለን ምንድር ነው? በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሥርዐት ውስጥ አባቶቻችን ለዚህ ነገር ታላቅ መድኃኒት ትተውልናል። በቅኔ ተመርቆ መምህር የተባለ ሰው ድጓ ሊማር ወደ ዜማ ቤት ሲገባ፥ እንደ ማንኛውም ተማሪ ከትናንሾቹ ጋራ ይቀመጣል፤ በስሕተቱ ይታረማል፤ ቍራሽ ለምኖ ያድራል። የቅኔው ዕውቀት አልተወሰደበትም፤ ነገር ግን በዚያ ቤት እርሱ ጀማሪ ነው። ይህ ሥርዐት አባ አርሳንዮስ በአስቄጥስ ያደረገውን ለሁላችን ያለማምደናል።

ሥርዐቱ በትምህርት ቤት ብቻ ቀርቶ እንዳይቀር ግን ልንጠነቀቅ ይገባል። መምህር ሆይ፥ መዝሙረ ዳዊትን በአንድምታ ትተረጕም ይሆናል፤ ምናልባት ግን ከዐውደ ምሕረቱ በታች የቆመችው ማንበብ የማታውቅ መበለት በመዝሙር ላይ የተጻፈውን ዕንባ ከአንተ ይልቅ ታውቀዋለች። ካህን ሆይ፥ ንስሓ ልትሰጠው የተቀመጥህለት ገበሬ በትዕግሥት ከአንተ ይቀድም ይሆናል። ምእመን ሆይ፥ አንተም ካልተማርህ ዘንድ ትሕትና በራሱ ያለህ አይምሰልህ፤ በካህንህ ትራስ ላይ ለመፍረድ አትቸኵል። ሁላችንም ስጦታችን ያለቀበትን ቦታ ባገኘን ጊዜ ፊታችንን አናዙር፤ በዚያ ቆሞ የሚያስተምረንን ሰው እግዚአብሔር አስቀድሞ አዘጋጅቶታልና፥ ቀርበን እንጠይቀው።

ለአባ አርሳንዮስ የለባሞችን ትሕትና የሰጠ አምላክ ለእኛም ያድለን። በረከቱ ከሁላችን ጋራ ይኑር፤ ለእግዚአብሔር ክብርና ምስጋና ይሁን፤ አሜን።